ሥራ ፍለጋና ዛሬ ነገ ማለት፦ ማመልከቻው ለምን ሳይላክ ያድራል?

ሰኞ ጠዋት በአንድ የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ላይ፣ ከዓመት በፊት በአካውንቲንግ ለተመረቀች ወጣት የሚስማማ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ እንበል። የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ ላይ «0 ዓመት» ተብሎ ተጽፏል፤ ምዝገባው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ክፍት ነው። ወጣቷ ማስታወቂያውን ስታየው ደስ ይላታል፤ ስልኳ ላይ ታስቀምጠውና «ሲቪዬን ትንሽ ላስተካክልና ነገ እልካለሁ» ትላለች። ማክሰኞ ቤት ታጸዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ እናቷን ታግዛለች። ረቡዕ ሲቪዋን ከፍታ የፊደሉን ቅርጽና መጠን ስትቀያይር ቆይታ ትዘጋዋለች። ሐሙስና ዓርብ ሌሎች ማስታወቂያዎችን ስታነብ ይመሽባታል። በመጨረሻው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማስታወቂያውን እንደገና ስትከፍተው የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ አለማድረጓን ታስታውሳለች፤ ቢሮው ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። «አሁንማ አይደርስም፤ ለነገሩ እነሱም የሚቀጥሩትን ሰው አስቀድመው ያውቁታል» ብላ ስልኳን ታስቀምጣለች። ያን ጊዜ ቀለል ይላታል፤ ማታ ስትተኛ ግን ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የባሰ ይከብዳታል።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ቅለትና ስለዚያ ክብደት ነው። በአማርኛ «ዛሬ ነገ ማለት» ወይም «ዳተኝነት» የምንለውን ነገር ለረጅም ጊዜ የስንፍና ወይም የሰዓት አጠቃቀም ጉድለት አድርገን ስንገሥጸው ኖረናል፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር «የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር» ተብሎ ተጽፎ አድገናል። ጉዳዩን ያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የደረሱበት ግን ከዚህ ይለያል፤ ሰው በአብዛኛው የሚሸሸው ሥራውን ራሱን ሳይሆን ሥራው የሚቀሰቅስበትን ስሜት ነው። ይህን ልዩነት መረዳት ለሥራ ፈላጊ ከምክር ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሰነፍ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ራሱን ከመስደብ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ከስሜት እየሸሸሁ ነው ብሎ የተረዳ ሰው ግን መሸሻውን መንገድ ሊያውቀውና ሊዘጋው ይችላል።

በቅድሚያ ትርጉሙን እናጥራ። ማዘግየት ሁሉ ዛሬ ነገ ማለት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱን ሁኔታ ለማጣራት ሁለት ቀን የታገሠ፣ ወይም የታመመ ወላጅ ለማስታመም ፍለጋውን ያቆመ ሰው በቂ ምክንያት አለው። ዛሬ ነገ ማለት የሚባለው፣ ሰውዬው ሊያደርገው የወሰነውንና ማድረግ የሚችለውን ነገር፣ ማዘግየቱ እንደሚጎዳው እያወቀ፣ በራሱ ፈቃድ ሲያቆየው ነው። ከስንፍና የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ሰነፍ ባለመሥራቱ አይጨነቅም፣ ዛሬ ነገ የሚል ሰው ግን ባልሠራው ሥራ ይደክማል። ከላይ ያነሳናት ወጣት በእነዚያ ቀናት ቤት አጽድታለች፣ ልብስ አጥባለች፣ ሰው ረድታለች፤ ጉልበት አልጎደላትም፤ ጉልበቷ ወደ አንድ ማመልከቻ ብቻ አልሄድ አለ እንጂ።

ሥራ ፍለጋ ለዚህ ችግር ከሌሎች ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የተመቸ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገበሬን ዝናቡ ያስነሳዋል፤ ተማሪን ፈተናው ያስነሳዋል፤ ተቀጣሪን የመግቢያ ሰዓት ፊርማው ያስነሳዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና የወሰደ ምሩቅ፣ ቀኑ የተቆረጠ ነገር ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚነሳና እንደሚያስጠና ያውቀዋል። ያው ተማሪ በተመረቀ በሦስተኛው ወር የሚጠብቀው አስተማሪ፣ የሚቆጣጠረው አለቃ፣ የሚደወል ደወል የለውም። አሥራ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሌሎች በሠሩለት የጊዜ ሰሌዳ ከኖረ በኋላ፣ በሕይወቱ ከባድ የሆነውን ሥራ ያለ ምንም ሰሌዳ እንዲሠራ ይጠየቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ወላጆችም ሊያስተውሉት ይገባል።

በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፒርስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ቅኝት፣ ዛሬ ነገ ማለትን ከሚያባብሱ ነገሮች ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሥራው አስጠሊታ መሆኑ፣ ውጤቱ ሩቅ መሆኑ፣ ሰውዬው በችሎታው አለመተማመኑና ለቅርብ ነገር በቀላሉ የመሳብ ባሕርይ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሐሳባቸውን በተራ ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ አንድን ነገር ለመጀመር ያለን ጉልበት «ይሳካልኛል» የሚለው ግምትና ከውጤቱ የምናገኘው ጥቅም ሲጨምሩ ይጨምራል፤ ውጤቱ ሲርቅና በዙሪያችን ያለው የቅርብ ደስታ ሲበዛ ደግሞ ይቀንሳል። ሥራ ፍለጋን በዚህ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ ለመገመት አያስቸግርም። ደመወዙ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ከማመልከቻው እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ድረስ ምዝገባ፣ ማጣሪያ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና የዋስ ፍለጋ አለ፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስልኩ ውስጥ ያለው አጭር ቪዲዮ ግን አሁኑኑ ያስቃል።

ከእነዚህ ሁሉ በእኛ አገር ላይ እጅግ የሚከብደው የመጀመሪያው፣ ማለትም «ይሳካልኛል» የሚለው ግምት ይመስለኛል። «ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም» የሚለው አነጋገር በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየቤቱ ይሰማል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት የለበትም ማለት ሥራ ፈላጊውን መናቅ ነው፤ በትውውቅ የሚሞላ የሥራ ቦታ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፣ ብዙዎችም ተጎድተውበታል። ችግሩ አነጋገሩ ሁለት ሥራ መሥራቱ ነው። በአንድ በኩል ዓለምን ይገልጻል፤ በሌላ በኩል ማመልከቻውን ላለመላክ የሚያገለግል ሰበብ ሆኖ፣ በመጨረሻው ቀን 9 ሰዓት ላይ ለሸሸው ሰው እፎይታ ይሰጣል። ሰው የትኛውን እየተጠቀመበት እንደሆነ ራሱን ሊጠይቅ የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ፤ ይህ ሐሳብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ማስታወቂያውን ባየሁበት ቀን ነው ወይስ የመመዝገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሲል? ማስታወቂያውን ባየበት ቀን ያልነበረ ተስፋ መቁረጥ በመጨረሻው ሰዓት ብቅ ካለ፣ የመጣው ከሥራ ገበያው ሳይሆን ከፍርሃቱ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

አሁን ወደ ስሜቱ እንመለስ። ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒችል እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ዛሬ ነገ ማለት የዛሬን ስሜት ለማስተካከል ሲባል ነገን አሳልፎ መስጠት ነው። ሲቪ መክፈት ማለት በብዙ ሰው ዘንድ «ዕድሜዬ ይህን ያህል ሆኖ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው» የሚለውን ገጽ ፊት ለፊት ማየት ማለት ነው። የማመልከቻ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ የማያውቁት ሰው ይህን ገጽ አይቶ እንዲፈርድ መፍቀድ ነው። ይህ ያስፈራል፣ ያሳፍራል፣ አንዳንዴም ያስቆጣል። ገጹ ሲዘጋ ስሜቱ ይጠፋል፤ አእምሮም «መዝጋት ያሳርፋል» የሚለውን ትምህርት ይይዛል። በማግሥቱ ገጹን ለመክፈት ሲታሰብ ፍርሃቱ ቀድሞ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የትናንቱ ጸጸት ይጨመርበታል። እንዲህ እያለ አንድ ገጽ የነበረው ሲቪ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ተራራ ይገዝፋል፤ ወረቀቱ ሳይለወጥ የተሸከመው ስሜት ብቻ ያድጋል።

ይህ ስሜት በምናብ ብቻ የተፈጠረ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ አለን ክሩገርና አንድሪያስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ከ6,000 በላይ ሥራ አጦችን በየሳምንቱ እየጠየቁ ተከታትለው ነበር። ሥራ አጦቹ ሥራ በሚፈልጉባቸው ሰዓታት ስሜታቸው ጎልቶ የተከፋ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሥራ ውጭ የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥርም ለፍለጋ የሚያውሉት ሰዓት እየቀነሰ ሄዷል። ኒው ጀርሲና አዲስ አበባ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ይሁንና መልስ የማይመጣበት ማመልከቻ ሰውን እንዴት እንደሚያዳክም ለመረዳት የሁለቱን አገር ልዩነት ማወቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ ደግሞ «አልተመረጥክም» የሚል ደብዳቤ የሚጽፍ ቀጣሪ ብዙም ስለማይገኝ፣ አመልካቹ የሚቀበለው ዝምታን ነው። ዝምታን ደግሞ እያንዳንዱ እንደ ፍርሃቱ ይተረጉመዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የቆየ ማመልከቻ ሁሉ በስሜት የቆየ አይደለም። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጀሞ ወይም በቱሉ ዲምቱ፣ የሚኖር ሥራ ፈላጊ «አመልካቾች በአካል በመቅረብ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው የታክሲ ሂሳብ ነው፤ ከዚያ የኮፒ፣ ከዚያ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ቢጠራ የሚለብሰው ልብስ። ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን በአዲስ አበባ ለሥራ አጥ ወጣቶች በዕጣ የትራንስፖርት ገንዘብ በመስጠት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ገንዘቡን ያገኙት ይበልጥ አጥብቀው እንደፈለጉና ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው እንደጨመረ አሳይቷል፤ የጥናቱ ድምዳሜም ወጣቶች ጥሩ ሥራ መፈለጋቸውን ያለጊዜው የሚያቆሙት በእጅ ማጠር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ ልጁ ከቤት አልወጣ ያለበትን ምክንያት ከመፍረድ በፊት ኪሱን መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። እንዲሁም እንቅልፍና ምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከጠፋ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ከተጠላ፣ መኖር ከንቱ ከመሰለ፣ ያ ዛሬ ነገ ማለት ሳይሆን ድባቴ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል፤ በዚህ ሊያፍር የሚገባው ሰው የለም።

ገንዘቡም ጤናውም ሳይጎድል ማመልከቻው የሚያድርበት ሰው ምን ያድርግ? መልሱን ከራስ ወቀሳ ልጀምረው፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነውና። ራስን አጥብቆ መውቀስ የሚያነሳሳ ይመስላል። በካናዳ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ግን፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናትን ዛሬ ነገ ካሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ለዚህ ጥፋታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ዝግጅት ያዘገዩት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ምክንያቱም ከላይ ካየነው ጋር ይገጥማል፤ የሚያሸሸው መጥፎ ስሜት ከሆነ፣ በወቀሳ ላይ ወቀሳ መጨመር መሸሻውን ምክንያት ማብዛት ነው። «ያ ማስታወቂያ አመለጠኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልፏል» ብሎ ማለፍ ለራስ ማዳላት አይደለም፤ በማግሥቱ ሲቪውን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ድፍረት ያተርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብን ከቀንና ከቦታ ጋር ማሰር ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትሰር ለዓመታት የመረመሩት ነጥብ ይህ ነው። በአንዱ ሙከራቸው ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በበዓሉ ሰሞን በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ፤ ግማሾቹ መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉት አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። መቼና የት የሚለውን ከወሰኑት መካከል ከሦስት ሁለቱ እጅ የሚበልጡት ሲጽፉ፣ ሌሎቹ ግን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ጻፉ። ሁለቱም ወገኖች የመጻፍ ፈቃደኝነት ነበራቸው። ልዩነቱ የመጣው የመጀመሪያዎቹ ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና ከራሳቸው ጋር መሟገት ስላላስፈለጋቸው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብ በዚሁ ሕግ የቆመ ነው። ደመወዙን ብቻውን መቆጠብ ያልቻለ ሰው ዕቁብ ሲገባ የሚቆጥበው ባሕርዩ ተለውጦ አይደለም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው የታወቀ ነው፤ «በዚህ ሳምንት ልቆጥብ ወይስ አልቆጥብ» የሚል ጥያቄ አይነሳም። «በዚህ ሳምንት ሥራ እፈልጋለሁ» የሚለው ውሳኔ ብቻውን የቆጠበ ሰው ውሳኔ ነው። «ማክሰኞ ጠዋት የቁርሱ ሳህን ሲነሳ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲቪዬን ከፍቼ የልምምድ ጊዜዬን የሚገልጸውን አንቀጽ እጽፋለሁ» የሚለው ደግሞ የዕቁብ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው የሚጠራው ሰዓትን ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚሆን ነገርን፣ ማለትም የሳህኑን መነሳት መሆኑን አስተውሉ፤ ሰዓት ሊረሳ ይችላል፣ ቁርስ ግን ራሱ ያስታውሳል። እንቅፋቱንም አስቀድሞ በዚሁ መልክ ማሰር ይቻላል፦ መብራት ከጠፋ በእጄ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ኢሜይሉን አዘጋጅቼ አቆየዋለሁ፤ እንግዳ ከመጣ ሥራውን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ እቀጥላለሁ።

በደቡብ አፍሪካ ሥራ አጥ ወጣቶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህን ነጥብ በቀጥታ ከሥራ ፍለጋ ጋር ያገናኘዋል። የየዕለቱን የፍለጋ ዕቅድ በወረቀት ላይ እንዲጽፉ የተደረጉት ወጣቶች፣ ካልተደረጉት ይልቅ 15 በመቶ የበለጠ ማመልከቻ አስገቡ፤ የቀረበላቸው የሥራ ዕድልም በ30 በመቶ በለጠ፤ ሥራ የያዙትም በ26 በመቶ በዙ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ለፍለጋ ያዋሉት ሰዓት አለመጨመሩ ነው። በዚያው ሰዓት ውስጥ የሚሠሩት ነገር ነው የተለወጠው፤ የሚፈልጉበትን መንገድ አበራክተዋል፣ መደበኛ የማመልከቻ መንገዶችንም ይበልጥ ተጠቅመዋል።

ይህ ወደ ስልካችን ይመልሰናል። ድሮ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ይገለብጥ ነበር፤ ኪራዩ ለአጭር ጊዜ ስለነበር የሚፈልገውን አድራሻ በፍጥነት ጽፎ ይነሳል። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ሳያልቅ ይመጣል፤ ሃምሳ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሲመሽ «ቀኑን ሙሉ ሥራ ስፈልግ ዋልኩ» ቢል ውሸት አይመስለውም። ነገር ግን አንዱንም አላመለከተም። ማስታወቂያ ማንበብ ከፍለጋው ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ማንም አይፈርድብንም፣ ማንም አይመልሰንም፤ ስለዚህም ዛሬ ነገ ማለት የሥራ ፍለጋን ልብስ ለብሶ የሚቀመጠው እዚህ ነው። የፊደል ቅርጽ መቀያየር፣ ሌላ የሲቪ ናሙና ማውረድ፣ «መጀመሪያ አንድ ኮርስ ልጨርስ» ማለትም ብዙ ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ለማንበቢያ በቀን አንድ የተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ግማሽ ሰዓት፣ መመደብና ከዚያ በኋላ የተመረጡትን ሁለት ወይም ሦስት ማስታወቂያዎች ብቻ ይዞ መሥራት ይሻላል። የሚቆጠረውም የተላከው ይሁን፤ ያነበብነውን መቁጠር ራሳችንን ያታልለናል፣ የተመለሰልንን መልስ መቁጠር ደግሞ በእጃችን ባልሆነ ነገር ያስመዝነናል።

ሥራውን ማሳነስም ያስፈልጋል። «ማመልከት» አንድ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ትናንሽ ሥራዎች ተጠቅልለው ነው የሚያስፈሩት። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛዎቹ ማስታወቂያ ሳይወጣ አስቀድመው ሊያልቁ ይችላሉ፤ ዲግሪውን፣ የውጤት ማስረጃውን፣ መታወቂያውንና ካለም የሥራ ልምድ ደብዳቤውን አንድ ቀን ስካን አድርጎ በስልክና በኢሜይል ላይ ማስቀመጥ፣ አምስት አምስት ኮፒ አድርጎ በአንድ ፋይል ውስጥ መያዝ፣ ሁሉንም ልምድ የያዘ አንድ ረጅም ሲቪ ጽፎ ለየማስታወቂያው ከእርሱ እየቀነሱ ማዘጋጀት። እንዲህ ያደረገ ሰው በመጨረሻው ቀን 9 ሰዓት ላይ የኮፒ ሰበብ አይኖረውም። በየዕለቱ ለመጀመር ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በላይ ለራስ ቃል አለመግባት ይረዳል፤ አሥር ደቂቃ የሚሸሹት ዓይነት ጊዜ አይደለም፣ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ ከገመትነው ያነሰ መሆኑ ይታያል። የመጀመሪያው ረቂቅ መጥፎ እንዲሆን መፍቀድም የዚሁ አካል ነው፤ መጥፎ አንቀጽ ይታረማል፣ ያልተጻፈ ግን ምንም አይደረግ።

ብቻውን የሚፈልግ ሰው ግን ይህን ሁሉ አውቆም ሊደክም ይችላል። ለዚህ የማውቀው ጥሩ መፍትሔ ሰው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኔተን አዝሪን ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢሊኖይ ግዛት በካርቦንዴል ከተማ «የሥራ ክበብ» የሚል አሠራር ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1975 ውጤቱን አሳተሙ። ሥራ ፈላጊዎቹ በቡድን እየተገናኙ ማስታወቂያ ይከፋፈላሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይተጋገዛሉ፣ ሥራ መፈለግን ራሱን እንደ ሙሉ ቀን ሥራ ይይዙታል። በሁለት ወር ውስጥ ከክበቡ አባላት 90 በመቶው ሥራ ሲያገኙ፣ ብቻቸውን ከፈለጉት ያገኙት 55 በመቶው ነበሩ። በተለያዩ ቦታዎች የተሠሩ 47 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ቅኝትም፣ የሥራ ፍለጋ ድጋፍ ያገኙ ሰዎች ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ካላገኙት በግልጽ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ውጤት የተገኘው ግን የአፈላለግ ክህሎትም ተነሳሽነትም አብረው በተሰጡበት ድጋፍ ነው። ሲቪ አጻጻፍ ብቻ ማስተማር ወይም «አይዞህ» ብቻ ማለት ለየብቻው አይበቃም።

በአዲስ አበባም በወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ነበር። ለአንዳንዶቹ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌሎቹ ደግሞ የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት አውደ ጥናት ከችሎታ ምዘና ምስክር ወረቀት ጋር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የዚህ ጥናት ውጤት ሁለቱም ድጋፎች በአጭር ጊዜ ውስጥ መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል እንዳሳደጉ ያሳያል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ፣ አውደ ጥናቱን የተካፈሉት በገቢም በሥራ እርካታም በልጠው ተገኝተዋል። የበለጠ የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት ናቸው። ችሎታን ማሳየት መማር የሚቻል ነገር መሆኑን ይህ ይነግረናል፤ «ይሳካልኛል» የሚለው ግምትም የሚያድገው ከምክር ይልቅ ከዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ነው።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሌለበት ሦስት ጓደኛሞች የራሳቸውን ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ለአረምና ለአጨዳ ደቦ የሚጠራ ሕዝብ ለማመልከቻ ደቦ መጥራት አይከብደውም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በአንዱ ቤት ወይም በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተገናኝቶ፣ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ዛሬ የሚልከውን ተናግሮ፣ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ሠርቶ፣ ከመለያየት በፊት የላከውን ማሳየት በቂ ነው። ተመሳሳይ የትምህርት መስክ ያላቸው ጓደኛሞች «ለአንድ ቦታ እንሻማለን» ብለው ሊሠጉ ይችላሉ፤ ሥጋቱ ይገባኛል፤ ይሁንና ሦስት ሰው የሚያነባቸው ቻናሎች፣ የሚያውቃቸው መሥሪያ ቤቶችና የሚሰማቸው ወሬዎች አንድ ሰው ከሚያገኘው ይበልጣሉ፤ የጓደኛን ሲቪ ማረም ደግሞ የራስን ሲቪ በሌላ ሰው ዓይን ማየት ያስተምራል።

ዝምታንና እምቢታን አስቀድሞ ማሰብም የዝግጅቱ አካል ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረውና በኋላ ወደ ፊንላንድ ሳይቀር የተወሰደው የሥራ አጦች የድጋፍ ፕሮግራም፣ ተሳታፊዎቹ ሊገጥማቸው የሚችለውን መሰናክል አስቀድመው ዘርዝረው ምላሻቸውን እንዲዘጋጁበት ያደርግ ነበር፤ ልክ እንደ ክትባት። «በአሥር ቀን ውስጥ ካልጠሩኝ አንድ ጊዜ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ ካልተመለሰልኝ መዝገቤ ላይ አቋርጬበት ወደ ሚቀጥለው እሄዳለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ዝምታው ሲመጣ ትርጉም ሲፈልግለት አይውልም።

የመጨረሻው ቃሌ ለቤተሰብ ነው። በምሳ ሰዓት «እህ፣ ሥራው ምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ልጁ ግን የሚሰማው «እስካሁን ምንም አልሆንክም» የሚለውን ነው፤ ያ ስሜት ደግሞ ሲቪውን ከሚያዘጋው ስሜት ጋር አንድ ነው። «ነገ የት ነው የምትወጣው? የታክሲ አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ልጁ መልስ ሊሰጥበት የሚችል ነገር ይጠይቃል። ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ይብሳል፤ ሥራ የላትምና ቤት ውስጥ ናት፣ ቤት ውስጥ ናትና ትላካለች፤ ሽንኩርቱም፣ ልብሱም፣ የጎረቤቱ መርዶም እርሷን ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ «ለምን አላመለከትሽም?» ትባላለች። ለእንዲህ ያለችው ልጅ እናትና አባት ሊሰጧት የሚችሉት ትልቅ ድጋፍ ብዙ ወጪ የለውም፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ማንም ወደ ሱቅ የማይልካትና ማንም የማይጠራት አንድ ጠረጴዛ።